የዎኪንግ መራጮች ፈረዱ፤ ዕዳው ግን ቀረ

እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2024 ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰሬይ ካውንቲ በምትገኘው የዎኪንግ ከተማ የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድምፁ ተቆጥሮ ሲያበቃ፣ ከተማዋን ለረጅም ዓመታት ሲመራ የኖረው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ከ30ው የምክር ቤት መቀመጫ አንድ እንኳ አልቀረውም። በእጁ የነበሩት የመጨረሻዎቹ አራት መቀመጫዎች ተወስደው ሊበራል ዴሞክራቶች 24፣ የግል ተመራጮች አምስት፣ ሌበር ፓርቲ አንድ መቀመጫ ያዙ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በጠቅላላ ምርጫው የዎኪንግ የፓርላማ መቀመጫ፣ የምርጫ ክልሉ በ1950 ከተቋቋመ ጀምሮ ከወግ አጥባቂዎች እጅ ወጥቶ የማያውቀው፣ በሊበራል ዴሞክራቱ ዊል ፎርስተር ተያዘ። ወግ አጥባቂዎች እንደ ርስታቸው በሚያዩት በሰሬይ ምድር እንዲህ ያለ ሽንፈት ማየት የተለመደ አይደለም።

ውጤቱን ያየ ሁሉ ምርጫ ሥራውን ሠራ ለማለት ይቸኩላል። ከተማዋን ዕዳ ውስጥ የዘፈቀው ወገን የእጁን አገኘ፤ ሕዝብም ዳኝነቱን በኮሮጆ ሰጠ ይባላል። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። የዎኪንግ ውጤት መራጭ መቅጣት እንደሚችል በማያሻማ መንገድ አሳይቷል። መቅጣትና መጠበቅ ግን የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው። መቅጣት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መጠበቅ ጥፋቱ ሳይደርስ ሂሳቡን ማየትን፣ መጠየቅን፣ ማስቆምን ይጠይቃል። የእንግሊዝ የአካባቢ ዴሞክራሲ ለመራጩ የመጀመሪያውን ሥልጣን ሰጥቶ ሁለተኛውን ቀስ በቀስ ነጥቆታል። በዎኪንግ የሆነውም ይኸው ነው፤ ሕዝቡ በትክክል ፈረደ፣ ነገር ግን ፍርዱ የደረሰው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው፣ ቅጣቱንም የሚከፍለው ራሱ ፈራጁ ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት የቁጥሩን መጠን ማየት ያስፈልጋል። ዎኪንግ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 104 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት፣ ብዙ ሠራተኞቿ በባቡር ለንደን እየተመላለሱ የሚያድሩባት ከተማ ናት። ምክር ቤቷ ትንሽ ነው። ቆሻሻ ይሰበስባል፣ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፣ የመኖሪያ ቤቶችንና መናፈሻዎችን ያስተዳድራል፤ ትምህርት ቤት፣ መንገድና የአረጋውያን እንክብካቤ የካውንቲው ሥራ ነው። ይህ ትንሽ ምክር ቤት ለሕዝባዊ ሥራ የሚያበድረው የመንግሥት የብድር ቦርድ በሚሰጠው ርካሽ ገንዘብ እየተበደረ፣ ገንዘቡን መልሶ ለራሱ ኩባንያዎች እያበደረ የከተማዋን መሀል እንደገና መገንባት ጀመረ። ቪክቶሪያ ስኩዌር የተባለው ፕሮጀክት የመኖሪያ ማማዎችን፣ የገበያ ማዕከልንና አንድ የሂልተን ሆቴልን ያካተተ ሲሆን ከግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጪ ወጥቶበታል። በ2023 የምክር ቤቱ ጠቅላላ ዕዳ 1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ቢከፋፈል በነፍስ ወከፍ ከ17 ሺህ ፓውንድ በላይ ይደርሳል። ምክር ቤቱ በዚያው የበጀት ዓመት ለመደበኛ ሥራው የነበረው ገንዘብ 16 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን የተጋረጠበት ጉድለት ግን 1.2 ቢሊዮን ነበር።

አሁን የቀኖቹን ቅደም ተከተል እንመልከት፤ የክርክሩ እምብርት እዚህ ላይ ነውና። ወግ አጥባቂዎች የምክር ቤቱን አመራር ያጡት በሜይ 2022 ነው፤ ያን ጊዜ ሊበራል ዴሞክራቶች አብላጫውን ይዘው አን-ማሪ ባርከር የምክር ቤቱ መሪ ሆኑ። በሜይ 4 ቀን 2023 ሕዝቡ ሌላ ዙር መረጠ። ወሩ ሳያልቅ ማዕከላዊ መንግሥት ምክር ቤቱን የሚቆጣጠሩ ኮሚሽነሮችን ሾመ። ጁን 7 ቀን ደግሞ የምክር ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊ በ1988ቱ የአካባቢ መንግሥት ፋይናንስ ሕግ አንቀጽ 114 መሠረት ማስጠንቀቂያ አወጡ። በእንግሊዝ ሕግ ምክር ቤት እንደ ነጋዴ ኪሳራ አያውጅም፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ግን ወጪና ገቢ መመጣጠን እንዳልቻሉ የሚመሰክር፣ ሕግ ከሚያስገድደው አገልግሎት ውጭ ያለ አዲስ ወጪን ሁሉ የሚያግድ በመሆኑ ሕዝቡም ጋዜጠኛውም ኪሳራ ይለዋል። የሂሳቡ እውነተኛ ገጽታ በይፋ የተነገረው እንግዲህ ድምፅ ከተሰጠ ከአንድ ወር በኋላ ነው። የዎኪንግ ሰው ሙሉውን ቁጥር ይዞ ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ የ2024ቱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያስቆመው ብድር አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የሚገባው ለመራጩ ሳይሆን አስቀድሞ መጮህ ለነበረበት የቁጥጥር ሥርዓት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ፣ የዎኪንግ ውጤት ከዕዳው ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ነው። በ2023 ወግ አጥባቂዎች በመላ እንግሊዝ ከአንድ ሺህ በላይ የምክር ቤት መቀመጫ አጡ፤ በ2024ም በመቶዎች የሚቆጠር መቀመጫ አጥተዋል። ሰው በለንደን መንግሥት ላይ የነበረውን ቁጣ በከተማው ምክር ቤት ላይ ተወጣው እንጂ የሂሳብ መዝገብ አላገላበጠም ይላሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የአካባቢ ምርጫ ብዙ ጊዜ የአገር አቀፍ ስሜት መለኪያ ይሆናል። ነገር ግን ሌሎች የከሰሩ ምክር ቤቶችን ስናይ ይህ ማብራሪያ ብቻውን አይቆምም። ስላው በሌበር አመራር ሥር ሆኖ በጁላይ 2021 ያንኑ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2023 ወግ አጥባቂዎች በየቦታው ሲወድቁ በስላው ግን ከ42 መቀመጫ 21 አግኝተው አስተዳደሩን ከሌበር ተረከቡ። ክሮይደንም በኖቬምበር 2020 በሌበር ሥር ከሰረ፤ በሜይ 2022 ወግ አጥባቂዎች በለንደን ዌስትሚኒስተርን፣ ዋንድስወርዝንና ባርኔትን ባጡበት ዕለት የክሮይደን ሕዝብ በቀጥታ የሚመረጥ የመጀመሪያ ከንቲባውን ከወግ አጥባቂዎች መረጠ። በወግ አጥባቂዎች ሥር በ2022 መጨረሻ የከሰረው ተሮክ ደግሞ በ2024 ወደ ሌበር ዞረ። የአገሩ ነፋስ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲነፍስ መራጩ በተቃራኒው የሄደባቸው ከተሞች መኖራቸው፣ ሰው የራሱን ምክር ቤት ሥራ ለይቶ እንደሚፈርድ ያረጋግጣል። ስለዚህ የመራጩ አስተዋይነት አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው አስተዋይነቱ በጊዜው የሚደርስበት መንገድ መኖሩ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ሕዝቡ ከልቡ ቢፈልግ ኖሮ ቀድሞ ያስቆማቸው ነበር ይላል። ይህ አባባል ጥፋቱን ወደ መራጩ የሚመልስ ስለሆነ በጥሞና መመለስ አለበት። ዎኪንግ ምክር ቤቷን በአብዛኛው በሲሶ፣ አሥር አሥር መቀመጫ እያደረገች ስትመርጥ የኖረች ከተማ ናት። ዕዳው እያበጠ በሄደባቸው ከ2016 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ነዋሪው ለከተማው ምክር ቤት አራት ጊዜ ወደ ምርጫ ጣቢያ ተጠርቷል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አመራሩ ከወግ አጥባቂዎች አልወጣም። ምርጫ አንሶ አልነበረም ማለት ነው። መራጩ በዓይኑ ያየው የሚነሳውን ማማ፣ የሚታደሰውን አደባባይ ነበር። የብድሩ ውል፣ ገንዘቡ ከምክር ቤቱ ወደ ኩባንያዎቹ የሄደበት መንገድ፣ ለዕዳ መክፈያ በየዓመቱ መቀመጥ የነበረበት ገንዘብ በበቂ መጠን አለመቀመጡ ግን ከመንገድ ሆኖ የሚታይ አይደለም። ምክር ቤት በኩባንያ ስም ሲሠራ ብዙ ጉዳይ የንግድ ምስጢር ተብሎ በዝግ ስብሰባ ይታያል። ተመራጩ ራሱ ሙሉውን ሥዕል ሳያገኝ እጁን የሚያወጣበት ጊዜ ካለ፣ ከሥራ ደክሞ የሚገባው ነዋሪ በምን ዓይኑ ያየው ኖሯል?

በመራጩ ፈንታ ማየት የነበረበት ኦዲተሩ ነው። የእንግሊዝ ምክር ቤቶችን ኦዲት የሚያስተባብር፣ አንዱን ከሌላው እያወዳደረ ለሕዝብ የሚናገር ኦዲት ኮሚሽን የሚባል አንድ ብሔራዊ ተቋም ነበር። መንግሥት በ2010 እንደሚዘጋው አስታወቀ፤ በማርች 2015 ተዘጋ። ምክንያት ሆኖ የቀረበው ወጪ መቀነስና ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ለግል የኦዲት ድርጅቶች ብቻ ሲቀር መዘግየቱ እየባሰ ሄደ። የ2022/23 በጀት ዓመት ሂሳብ ኦዲት ሊጠናቀቅ በሚገባው ቀን፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2023፣ አስተያየት ያገኙት በእንግሊዝ ካሉ 467 የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አምስቱ ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ አንድ ማለት ነው። ኦዲት ያልተደረገ ሂሳብ ይዞ የሚካሄድ ምርጫ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ዳኛው ማስረጃው ሳይቀርብለት እንዲፈርድ የሚገደድበት ችሎት ነው። በኦዲት ኮሚሽን መዘጋት የተገኘው ቁጠባ ምንም ያህል ቢሆን፣ ዎኪንግና መሰሎቿ ካከማቹት ኪሳራ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ጣቱን ወደ ማዕከላዊ መንግሥት የሚቀስረው ነው። የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳሰላው፣ መንግሥት ለእንግሊዝ ምክር ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ ከ2010/11 እስከ 2017/18 ባሉት ዓመታት የዋጋ ንረት ታስቦ በግማሽ ያህል ወርዷል። ድጎማው የተቆረጠበት ምክር ቤት ወደ ንግድ ቢገባ ምን ይደንቃል? ርካሹን ገንዘብ ያበደረው ራሱ መንግሥት፣ ለትርፍ ሲባል ንብረት የሚገዙ ምክር ቤቶችን ከብድር የሚከለክል ጥብቅ ደንብ ያወጣው ደግሞ በኖቬምበር 2020፣ ከረፈደ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የለንደን ድርሻ መካድ የለበትም። ሆኖም ድጎማው የተቆረጠው በሁሉም ምክር ቤቶች ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ቀበቷቸውን አጥብቀው ኖሩ እንጂ በነዋሪ 17 ሺህ ፓውንድ ዕዳ አልገቡም። ችግር መበደርን ያስረዳል፤ ለመክፈያው ሳያስቀምጡ መበደርን ግን አያስረዳም። ደግሞም የማዕከላዊው መንግሥት ጥፋት ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ገንዘቡን የሚቆርጥ፣ ብድሩን የሚፈቅድ፣ ኦዲተሩን የሚያነሳ ባለሥልጣን በከተማው የምርጫ ወረቀት ላይ ስሙ ከሌለ፣ የከተማው መራጭ ሊቀጣ የሚችለው ከጥፋተኞቹ ግማሹን ብቻ ነው።

ቅጣቱስ በማን ላይ አረፈ? ወግ አጥባቂ ተመራጮች መቀመጫቸውን አጥተዋል። ከዚያ ያለፈ የግል ተጠያቂነት በሕጉ ውስጥ እምብዛም የለም። ቀደም ሲል ኦዲተር ሆን ብለው የሕዝብ ገንዘብ ያባከኑ ተመራጮችን ከኪሳቸው ማስከፈል ይችል ነበር፤ በ1980ዎቹ የላምቤትና የሊቨርፑል ምክር ቤት አባላት በዚህ ሕግ ተቀጥተዋል። ያ ሥልጣን በ2000 በወጣው ሕግ ቀረ። መመለሱን አልደግፍም፤ ቤቱን እንዳያጣ የሚፈራ ተራ ነዋሪ ለምክር ቤት ከመወዳደር ይሸሻልና፣ መስኩ ለባለጸጎች ብቻ ይቀራል። ግን ያ መሣሪያ ሲነሳ በቦታው የተተካ ነገር አለመኖሩ ልብ ሊባል ይገባል። ሂሳቡን የሚከፍለው ነዋሪው ሆነ። በሊበራል ዴሞክራቶች የሚመራው ምክር ቤት በ2024 በመንግሥት ልዩ ፈቃድ የራሱን የካውንስል ታክስ ድርሻ በመቶ አሥር ጨመረ፤ በሕግ የማይገደዱ አገልግሎቶችን፣ ለባህል፣ ለስፖርትና ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ መቁረጥ ያዘ። ዕዳውን ያልፈጠሩት አሸናፊዎች የመቁረጡን ሥራ ተረከቡ፤ ዋና ዋና የገንዘብ ውሳኔዎች ደግሞ ሕዝብ ባልመረጣቸው ኮሚሽነሮች ዓይን ሥር የሚያልፉ ሆኑ። የዎኪንግ ሰው 24 የምክር ቤት አባላትን ከአንድ ፓርቲ መርጦ ያገኘው መንግሥት፣ ሊያደርግ የሚችለው አስቀድሞ የተወሰነለት መንግሥት ነው።

ከዚህም የባሰው ጉዳይ ፍርዱ የተሰጠበት አካል ራሱ ሊፈርስ መሆኑ ነው። መንግሥት በኦክቶበር 2025 የሰሬይ ካውንቲንና በሥሩ ያሉትን አሥራ አንድ የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች አፍርሶ፣ ምሥራቅ ሰሬይና ምዕራብ ሰሬይ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ለመመሥረት ወሰነ። ዎኪንግ ከጊልድፎርድ፣ ከረኒሚድ፣ ከስፔልቶርን፣ ከሰሬይ ሂዝና ከዌቨርሊ ጋር ወደ ምዕራቡ ተመደበች፤ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ እንዲጀምር የታቀደው በኤፕሪል 2027 ነው። ከዚሁ ጋር መንግሥት ከዎኪንግ ዕዳ ላይ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ቃል ገብቷል። ይህ መልካም ነው፤ የቀረው ከቢሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳ ግን አንድም ጊዜ ለዎኪንግ ምክር ቤት ድምፅ ባልሰጡ የጊልድፎርድና የዌቨርሊ ነዋሪዎች ደጃፍ ይደርሳል። ትልቅ ምክር ቤት ወጪ ይቆጥባል የሚለው ሐሳብ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ተመራጩ ከመራጩ እየራቀ፣ የሂሳብ መዝገቡም እየወፈረ በሄደ ቁጥር ሂሳቡን የሚያየው ዓይን ካልተጠናከረ፣ በዎኪንግ የታየው ጉድለት ሰፍቶ ይደገማል።

በእንግሊዝ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችሉት የብሪታኒያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች እንዲሁም የተወሰኑ የአውሮፓ አገሮች ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ስለዚህ የብሪታኒያ ዜግነት ያላገኘ ኢትዮጵያዊ አሥር ዓመት ቢኖርና በየወሩ የካውንስል ታክስ ቢከፍል ድምፅ የለውም፤ በቅርቡ የመጣ ኬንያዊ ጎረቤቱ ግን ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው አለው። ስኮትላንድና ዌልስ በአካባቢ ምርጫ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ሁሉ መብቱን ከፍተዋል። እንግሊዝ ይህን የማትከተልበት አሳማኝ ምክንያት አይታየኝም። የምክር ቤት ዕዳ ሲከፋፈል ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ታክሱ በመቶ አሥር ሲጨምር በሁሉም ላይ ይጨምራል።

ምን መደረግ አለበት? መንግሥት በዲሴምበር 2024 የአካባቢ ኦዲትን የሚመራ አንድ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት እንደሚያቋቁም አስታውቋል። ከአሥር ዓመት በፊት በተዘጋው ቦታ ላይ አዲስ ነገር መትከል ነውና እርምጃው ትክክል ነው፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ጥርስ ከሌለው ስም ብቻ ይሆናል። በሕግ መደንገግ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ምርጫ በሚካሄድበት ዓመት ኦዲት የተደረገ ሂሳብ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት፣ ተራ ሰው ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ለሕዝብ እንዲቀርብ ነው። ሁለተኛው፣ ዕዳው ከዓመታዊ ገቢው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ምክር ቤት ተጨማሪ ብድር ከመውሰዱ በፊት የኦዲተሩን አስተያየት በግልጽ ስብሰባ እንዲያሰማ፣ የንግድ ምስጢር የሚለው ሽፋንም ለሕዝብ ብድር እንዳይሠራ ነው። ይህ ሥራን ያጓትታል የሚሉ ይኖራሉ። አዎን፣ ያጓትታል፤ በቪክቶሪያ ስኩዌር ላይ አንድ ዓመት መዘግየት ዎኪንግን ምን ያህል ሊያድናት ይችል እንደነበር ማሰብ ግን መልሱን ይሰጣል።

እስከዚያው ድረስ በነዋሪው እጅ ያለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መብት አለ። በ2014ቱ የአካባቢ ኦዲትና ተጠያቂነት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የእንግሊዝ ምክር ቤት በዓመት ለ30 የሥራ ቀናት የሂሳብ መዝገቡን፣ ውሎቹንና ደረሰኞቹን ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው ክፍት ማድረግ አለበት፤ የተመዘገበ መራጭ ደግሞ ኦዲተሩን መጠየቅና መቃወም ይችላል። ቀኑ በምክር ቤቱ ማስታወቂያ ይወጣል። ድምፅ ያለው ይጠይቅ፤ ድምፅ የሌለው ግብር ከፋይም ቀርቦ መዝገቡን ለማየት ይጠይቅ። በየከተማው ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበሮች በዓመት አንድ ቀን ለዚህ ቢመድቡ፣ የምርጫ ቀን ሲመጣ ለማን ድምፅ እንስጥ ከሚለው ጥያቄ በፊት ገንዘባችን የት ገባ የሚለው ይመለሳል። ዎኪንግ ጥፋተኞቿን አሰናብታለች፤ ሌሎች ከተሞች ጥፋቱ ሳይደርስ ይጠይቁ።